ባለ ካሜራው ዘለቀ

ዘለቀ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ አልማዝ ናት። ሲዘንብ ያደረ ጠዋት ነበር። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሶ ደጄ ላይ ቆመችና፣ «ጋሽ ታደሰ፣ አባባ አረፈ» አለችኝ። ከንፈሬን መጥጬ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብዬ፣ ግቢ አልኳት። አልገባችም። የተላከችው ለሌላም ጉዳይ ነበር።

«ፎቶ አጣን» አለች። «ለለቅሶው የምንይዘው። ቤቱን ሁሉ ፈተሽን፤ የሰው ሁሉ ፎቶ አለ፣ የሱ ብቻ የለም። እማማ ‹ታደሰ ጋ አይጠፋም› ብላ ነው የላከችኝ።»

በሰፈራችን የሟች ፎቶ ያልተያዘበት ለቅሶ ግማሽ ለቅሶ ነው። አልቃሿ ፎቶውን ከፍ አድርጋ፣ ፊቱን ለሰው እያዞረች ሙሾ ካላወረደች እንባ በደንብ አይመጣም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የነፋስ ስልክንና የሳሪስን ሙታን በሕይወት ሳሉ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

«እስቲ ልፈልግ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። የምፈልገው ነገር አልነበረም። የዘለቀ ፎቶ አልጋዬ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳለ አሳምሬ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ አስቀምጬዋለሁ። ለራሱ ለዘለቀ ግን «ተቃጠለ» ብዬዋለሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ለማስረዳት ስለ ሰውየው ማውራት አለብኝ፤ ስለ ሰውየው ሳወራ ደግሞ፣ ሞቶም እንኳ፣ ደሜ ይፈላል።

ነፋስ ስልክ ስመጣ ሀብቴ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ሦስት እግር ያለው፣ ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው ደግሞ እጅ የሚገባበት የጥቁር ጨርቅ እጅጌ። ሰውየውን ወንበር ላይ ታስቀምጣለህ፣ የሌንሱን ክዳን አንስተህ እስከ ሦስት ትቆጥራለህ፣ ትመልሳለህ። ከዚያ እጅህን በእጅጌው ሰደህ፣ በዳበሳ፣ ወረቀቱን መድኃኒት ውስጥ ታጥባለህ። መጀመሪያ የሚወጣው ኔጌቲቩ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ። እሱን ሣጥኑ ፊት ሰቅለህ ደግመህ ስታነሳው ትክክለኛው ሰው ይወጣል። በመጨረሻ ባልዲ ውኃ ውስጥ አለቅልቀህ ትሰጣለህ። መድኃኒቱ ጣቶቼን አጥቁሯቸው ስለነበር ኋላ ሚስቴ የሆነችው አስካለ መጀመሪያ ያየችኝ ዕለት በሽተኛ መስያት ነበር።

ሣጥኔን የተከልኩት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ በአንዲት ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ከፊቴ፣ የዘለቀ የቆዳ ሥራ ቤት ነበረች። ኮርቻ ይጠግናል፣ ቀበቶ ይሠራል፣ ከሁሉ የሚታወቀው ግን በዳዊት ማኅደሩ ነው። ለዳዊት መጽሐፍ የሚሠራው የቆዳ ማኅደር ስፌቱ በዓይን አይታይም፤ ካህናት ከሩቅ አገር ይመጡበት ነበር። ከኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እጆቹ ሰም ሰም ይሸታሉ።

ካሜራዋን ያገኘው ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ነው። ሰውየው አገሩ ሊገባ ሲሰናዳ የተቀደደውን የካሜራ ማስቀመጫ እንዲጠግንለት ሰጠው። ዘለቀ አሮጌውን ጣለና እንደ ዳዊት ማኅደር አድርጎ አዲስ ሠራላት። ጣሊያኑ መጥቶ አገላብጦ አያትና፣ «ይህን የመሰለ ቤት የሠራህላት አንተ ነህ፤ አንተው ጋ ትኑር» ብሎ ትቶለት ሄደ። እንግዲህ ዘለቀ እንደነገረን ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እጠራጠረው ነበር፤ ለኔ እንዲህ ያለ ጣሊያን ለምን አልመጣልኝም?

ካሜራዋ ግን ታምር ነበር፤ ይህን አልክድም። ስትዘጋ እንደ ትንሽ መጽሐፍ ናት። ጥቁር ቆዳ ለብሳለች፣ ጠርዟ ብር ይመስላል። ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሏት ጠቅ ትልና ትንሽ በር ወደታች ይከፈታል፤ ሌንሷ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ስስ ቆዳ እየጎተተ ወደ ፊት ብቅ ይላል። ያቺ ጠቅ የምትል ድምፅ ከአስፋልቱ ማዶ ትሰማኝ ነበር። አውቶቡስ እያጓራ ሲያልፍ እንኳ ትሰማኝ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘለቀ መሣሪያውን ያስቀምጥና እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ይታጠባል። ከዚያ ደጁ ላይ ይቀመጣል። መዳፉን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠርጋል። ማኅደሩን ይከፍታል፣ ያወጣታል፣ ጠቅ ያደርጋታል፣ ሌንሷ ላይ እፍ ይላል፣ በመሐረብ ይወለውላታል። ከዚያ ዓይኑን አስጠግቶ አገሩን ያያል። ወደ ላፍቶ የሚመለሱትን ከብቶች፣ ጭድ የጫኑትን አህዮች፣ ከፋብሪካ የሚወጡትን ሴቶች። ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ተራውን ይጠብቃል። «እይ» ብሎ ይሰጣል፤ ያየ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይመልሳል።

«በባዶ ዓይን ሁሉንም ታያለህ» ይል ነበር። «ሁሉንም ያየ ደግሞ ምንም አላየ። በሷ ስታይ ግን መምረጥ አለብህ።»

አንድ ቀን ስለኔ ሣጥን ጠየቁት። «የታደሰ ይሠራል፣ የኔ ታምራለች» አለ። «አገር ሁለቱም ያስፈልጉታል።» ሰዉ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ሞከርኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እችለው ነበር። ግን ሰፈሩ ስም አወጣልን። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ጣቴን በመድኃኒት እየለበለብኩ፣ የሰውን መልክ በወረቀት የማወጣው እኔ «ባለ ሣጥኑ» ተባልኩ። ዘለቀ «ባለ ካሜራው» ተባለ። አንዲት ሴት መጥታ፣ «ባለ ካሜራው ፊት ለፊት ያለው ባለ ሣጥኑ አንተ ነህ?» ብላኛለች። ነኝ አልኳት፤ ምን እላለሁ?

ቀጥሎ ደግሞ መዋስ መጣ። መጀመሪያ የተዋሰው አንድ ሚዜ ነው። ሙሽራው ሰዓት አለው፣ እኔ ባዶ አንገቴን እንዴት እነሳለሁ ብሎ ዘለቀን ለመነው። ዘለቀ እጁን አስታጥቦ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። ፎቶው ሲወጣ ሚዜው ከሙሽራው በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ካሜራዋን ሳያንጠለጥል እኔ ፊት የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሙሽራ፣ ደብዳቤ ውስጥ ፎቶ የሚልክ፣ ክርስትና ያነሳ፣ ሁሉም መጀመሪያ አስፋልቱን ተሻግሮ እሱ ጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደኔ ይመጣል። የላፍቶው ገበሬ ኦቦ ቱሉ እንኳ በሬውን እየነዳ መጥቶ፣ ካሜራዋን በጋቢው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከበሬው ጋር ጎን ለጎን ተነስቷል። ካሜራዋን በሬው አንገት ላይም ለአንድ አፍታ እናድርጋት ብሎ ነበር፤ ዘለቀ በትሕትና እምቢ አለው።

ማንጠልጠያዋን ለያንዳንዱ ሰው ራሱ ነው የሚያስተካክለው። ለወንድ እምብርት ላይ፣ ለሴት ከልብ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ከኔ ትከሻ ኋላ ይቆምና የሰውየውን ኮት ወይም ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃል። ወንበሬ ላይ የተቀመጠውም ሰው ሌንሴን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ እሱን ያያል። ፎቶዎቼን የሚያደንቅ ሰው ሁሉ፣ «ዓይኖቹ! እንዴት ሕይወት አላቸው» ይለኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። እነዚያ ዓይኖች ግን አንድም ቀን እኔን አላዩም።

አስካለን ያገባሁ ጊዜ፣ ቢያንስ የራሴን ሠርግ ፎቶ ለራሴ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ሣጥኑን ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ ሰጥቼ፣ ከሙሽራዬ ጋር ባሕር ዛፉ ሥር ቆምን።

«ካሜራዋስ?» አለች አስካለ።

«የምን ካሜራ? ይኸው ካሜራ ፊትሽ ተገትሯል።»

«ይሄማ ሣጥን ነው። ያለሷ አልነሳም።»

ቬሎዋን ሰብስባ አስፋልቱን ተሻገረች። የሠርጌ ፎቶ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ሚስቴ መሐል፣ እኔ ጥግ፣ ካሜራዋ ከልቧ ዝቅ ብላ። አስካለ ከጓደኛዬ ትከሻ በላይ ማንን እያየች እንደምትስቅ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ወረደ። ዘለቀ ደጅ የተሰጣ ቆዳ ለማስገባት ሲሮጥ፣ አጠገቡ ቆሜ የነበርኩትን እኔን፣ «ያዛት» ብሎ እጄ ላይ ጣላት። መጀመሪያ የነካኋት ያን ዕለት ነው። ቀላል ትመስለኝ ነበር፤ ትከብዳለች፣ ትሞቃለች። በሯን ከፈትኩ። መዝጊያዋን ወጥሬ መጫኛዋን ተጫንኩ። ምንም። ደገምኩ። ሌንሱ ውስጥ ዓይን የምትመስለው መዝጊያ ተዘግታ ቀረች። ሞላዋ ሞቷል። ጥንቱንም ጣሊያኑ የተወለት ስለማትሠራ ነው።

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ደስታ ሊያንቀኝ ደረሰ። ዘለቀ ሲመለስ ምንም እንዳላወቀ ሰው መለስኩለት። ጊዜዬን ጠበቅሁ።

ጊዜው የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት መጣ። ከብስራተ ገብርኤል ንግሥ ስንመለስ አንድ ሃያ የምንሆን የሰፈር ሰዎች መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር አረፍን። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሷል። ዘለቀ ካሜራዋን እንደ ዳዊት በማኅደሯ አንግቷታል።

«ጋሽ ዘለቀ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዘወትር የማነሳ እኔ ነኝ። ዛሬ እስቲ አንተ አንሳን።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ምን እንደፈለግሁ የገባው ይመስለኛል። ተነሳና እጁን ከኮዳው ውኃ ታጠበ። ሽማግሌዎችን ከፊት አስቀመጠ፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አቆመ፣ የአንዷን ነጠላ ጥለቱ እንዲታይ አዞረላት። እኔንም ክንዴን ይዞ አስካለ አጠገብ አቆመኝ። ከዚያ ከፈታት፤ ጠቅ አለች። ዓይኑን አስጠግቶ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ አየን። በጣም ቆየ።

«አየኋችሁ» አለና አጣጥፎ ዘጋት።

«መቼ ተጫንካት?» አልኩት።

«አልተጫንኳትም።»

«አትሠራማ» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። «ሞላዋ ሞቷል። ይህን ሁሉ ዘመን የሞተ ዕቃ ነው አንገታችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁት።»

እኔ የጠበቅሁት ዘለቀ ሲያፍር፣ ሰዉ ሲያጉረመርም ነበር። ኦቦ ቱሉ ዱላውን ተደግፎ ቀና አለ።

«ታዴ» አለኝ፣ «ይሄን እኮ በሬዬም ያውቃል። አንተ ፎቶ አንሺ ሆነህ ዛሬ ነው የደረስክበት?»

ዛፉ ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው አስካለ ናት። ዘለቀ ብቻ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ የማኅደሩን ጠፍር ያስራል።

ቤት ስንገባ፣ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«የሠርጋችን ዕለት ነግሮኛል። ለሚዋሳት ሁሉ ይናገራል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ታምራለች እንጂ ትሠራለች ያለህ ማን ነው። የሚሠራማ ያንተ ነበረ።»

ከሳምንት በኋላ ዘለቀ አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ የክት ኮቱን ለብሷል። ይገስጸኛል ብዬ ተሰናዳሁ። «ሰዉን ሁሉ ከሷ ጋር አነሳኸው» አለኝ፤ «እስቲ እኔንም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌንሱን እይ አልኩት፤ አየና አልተመቸውም፤ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ። ለሌላው ሰው ሁሉ ከትከሻዬ ኋላ የሚቆመው እሱ ነበር። አሁን እዚያ ማንም የለም። ስለዚህ እሷኑ አያት። ማኅደሩን ከፈተ፣ አወጣት፣ ጠቅ አደረጋት፣ እፍ አለባት፤ ከዚያ እጁ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። የሌንሴን ክዳን አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

እጄን በእጅጌው አስገብቼ ወረቀቱን አጠብኩና ኔጌቲቩን አወጣሁት። ፊቱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው፤ ግን እኔ ኔጌቲቭ እንደ ጽሑፍ ነው የማነበው። እጆቹን አየሁ። የዓይኑን ሽፋሽፍት አየሁ። አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያይ ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አላነሳሁም።

ቅናት አንገበገበኝ። በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ሥራ እንኳ የሱ ሊሆን ነው። ብሰጠው ደጁ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሰዉ «ባለ ካሜራው እንዴት አምሯል» ይላል እንጂ «ባለ ሣጥኑ እንዴት አድርጎ አነሳው» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ወረቀቱን እርጥቡን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ጣቶቼን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ።

«ተቃጠለ፣ ጋሼ» አልኩት። «ወረቀቱ አርጅቶ ነው።»

«ተቃጠለ?»

«ተቃጠለ።»

ባልዲው ውስጥ ያሉትን ጣቶቼን አየ። ቀጥሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ» አለኝ። «የኔም አትሠራም።»

ድገመኝ አላለም። ነገሩ ከንክኖኝ ኋላ ብዙ ጊዜ፣ ና እንደገና ልሞክር ብዬዋለሁ። «እኔ አንዴ ተነስቻለሁ» ይለኝና የሰው ኮት ይዞ ከትከሻዬ ኋላ ይቆማል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆንን። እኔ ስቱዲዮ ከፈትኩ፣ ፊልም የሚበላ ካሜራ ገዛሁ፤ የሰፈሩ ሰው እሷን አንጠልጥሎ መምጣቱን አልተወም።

እንግዲህ አልማዝ ከሄደች በኋላ ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ኔጌቲቩ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል እንጂ ደህና ነው። አሮጌውን ሣጥን ከአቧራው አውጥቼ፣ ፊቱ ሰቅዬው፣ እንደ ጥንቱ አነሳሁት። ዘለቀ ባልዲው ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ። አስካለ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«ይሄ መቼ የተነሳ ነው?» አለችኝ።

«ድሮ።»

«እና ደብቀኸው ኖርክ?» ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ያየሁት ነገር እግሬን ያዘው። የሱ ፎቶ ጠፍቷል ሲባል ሰዉ የየራሱን ይዞ መጥቷል። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ የክርስትና እናቶች፣ ኦቦ ቱሉ ከነበሬው፤ ካሜራዋን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች በሙሉ ከነመስተዋታቸው ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። የማየው ሁሉ የኔ ሥራ ነው። አልቃሿ መሐላቸው ቆማ ሙሾ ታወርዳለች፦

ያገሩን አንገት ሁሉ ሲያስጌጥ የኖረ፣
ለራሱ ሳይነሳ ይኸው ተቀበረ።

እያንዳንዷ ቃል እኔን ስም ጠርታ የምትሰድብ መሰለኝ። የዘለቀ ሚስት እትዬ ጽጌ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ማኅደሩን ደረቷ ላይ አንግታዋለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ጋዜጣውን ፈታሁና ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት።

ጽጌ አላለቀሰችም። በአውራ ጣቷ የባሏን እጅ ዳበሰች።

«ይሄ ነው የተቃጠለው?» አለችኝ።

ጋዜጣውን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ያን ዕለት ማታ ነግሮኛል» አለች። «‹ታደሰ ሲዋሽ ጣቱን ያጥባል። ቢያምርበት ነው የደበቀው፤ አንድ የራሱ ቆንጆ ነገር ይኑረው፣ ተዪው› አለኝ። እኔ ሄጄ ልቀማው ብዬ ነበር፤ ከለከለኝ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ሰው ሰርቄዋለሁ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት የደበቀው ነገር ለካ ተሰጥቶት ነበር። በዚህም ቀደመኝ። አልቃሿ ፎቶውን ተቀብላ ከፍ ስታደርገው ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ኦቦ ቱሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ማንም «ማን አነሳው» ብሎ አልጠየቀም።

ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኔጌቲቩስ?» አለች። «ለልጆቹ ላስወጣላቸው እፈልጋለሁ። እሱንም አምጣልኝ።»

ኔጌቲቩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ልሰጣት ይዤው መጥቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። እጄም ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር።

«ተቃጠለ» አልኳት።

አጠገቤ ባልዲ አልነበረም። ጣቶቼ ግን ኮቴ ላይ እርስ በርሳቸው ሲተሻሹ ሁለታችንም አየናቸው።

«አይዞህ» አለችኝ ጽጌ፣ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አስተካክላ፣ ተነስታ ወደሚያለቅሱት ሴቶች ሄደች።